የኮመጠጠ ማሽላና የውዴ ዶሮዎች

መጋቢት 8፣ ቀን 7 ሰ.
ዛሬም አልበሉም። ማሽላውን በተንኩላቸው፤ አንድ ሁለቴ ጫር ጫር አደረጉና ወደ ራኩባው ጥላ ተመለሱ። ሰባቱም አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። እኔም ካናቴራዬን አውልቄ እዚያው የሣር ጣሪያ ሥር ነኝ። በመጋቢት መተማ ላይ ሰውም ዶሮም እኩል ነው።

አንተ ደብተር፣ እስከ ዛሬ የትራክተር ናፍታ ነበር የምመዘግብብህ። ጉልበቴ ትራክተር መውጣት እምቢ ብሏል። ዶሮ እንመዝግብ።

ሚስቴ ውዴ አራሷን ልጃችንን ልትጠብቅ ጎንደር ከሄደች አሥራ አንድ ቀኗ። ስትወጣ አደራዋ አንድ ነው። አምና አራት ዶሮ በሙቀት የሞተባት እኔ ውሃ ስለረሳሁ መሆኑን አስታወሰችኝና ዘንድሮ ሰባቱን ሰባት አድርጌ እንዳስረክባት አዘዘች። በተለይ ገብስማዋን። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ሰሊጥ ሳርስ የራሴን ግቢ አላውቀውም።

መጋቢት 9
ሌሊቱን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አብርሃ ጅራ ካምፕ እያለን ዝናብ የመታው ማሽላ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ኮመጠጠ። ጅግሮች ደረቁን እህል እየዘለሉ በርሜሉን ይከቡ ነበር። ለምን? ያኔ ማን ይጠይቃል። አሁን ጊዜ አለኝ።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ አረቄ አውጪ ናቸው። እንስራ ለመንኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ለዶሮ ጠላ ትጠምቅ ጀመር አንተየ? ምነው፣ ድግስም አለብህ?» ብቻ እንስራውን አጥበው፣ በወይራ አጥነው ሰጡኝ። ማሽላ ዘፈዘፍኩ።

መጋቢት 13
ምንም። አረፋ የለ፣ ሽታ የለ። ወይራ ወይራ ብቻ ይላል። እ/ጥሩወርቅ መጥተው አዩና ተቆጡኝ። ያለ ጥንስስ፣ ያለ ጌሾ የሚፈላ ነገር የት አይቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። የትም። ከራሳቸው ጥንስስ ገለበጡበት፣ ጌሾ ጨመሩ፣ አፉን በጭቃ መረጉልኝ። እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ ስለ መጥመቅ ከሳቸው ጋር አልከራከርም።

መጋቢት 18፣ ጠዋት 2 ሰ.
ከፈትኩት! ሽታው አፍንጫ ይነክሳል። ዶሮዎቹ ተጋፉበት፤ እህል ላይ ሲጣሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሰሃኑን ጠረጉት። እንደ ሕፃን ደስ ብሎኛል።

5 ሰ.
ነገሩ ሌላ ሆነ። ቀይዋ በጎን ትሄዳለች። አውራው ያለ ሰዓቱ ይጮኻል፤ ጮኾ ሳይጨርስ ይቀመጣል። ሰክረዋል! እ/ጥሩወርቅን ጠራኋቸው፤ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

9 ሰ.
ገብስማዋ ሞታለች።

ስቄ ስቄ ጋደም ብዬ ነበር። ሌሎቹ እየተንገዳገዱም ጥላ ገብተዋል። እሷ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ፀሐይ ላይ ተኝታ ቀረች። ሳነሳት ላባዋ እንደ ሞተር ኮፈን ይፋጃል። ውሃ አፈሰስኩባት። ዘግይቻለሁ።

ማታ ውዴ ደወለች። ስለ ሕፃኗ ብዙ አወራች። ከዚያ ዶሮዎቹስ አለች። ሰባቱም ደህና ናቸው አልኳት። በጾም ዋሸሁ።

መጋቢት 20
አፈርኩ። እስካሁን አፍሬያለሁ። ግን ሐሳቡ አልተወኝም። ጅግሮቹ ከዚያ በርሜል በልተው ቀጥ ብለው ነበር የሚበሩት። በርሜሉ አልታጠነም፣ አልተመረገም፣ ጌሾም የለበትም። እኛ የሰው መጠጥ ሠርተን ለወፍ ሰጠን። ጥፋቱ የዶሮዎቹ አይደለም።

እንደገና ሞከርኩ። የፕላስቲክ ባልዲ፣ ንጹሕ ማሽላ፣ ከእህሉ ሁለት ጣት ከፍ ያለ ውሃ፣ ከላይ ሻሽ ጣል። ጠዋትና ማታ ማማሰል። በቃ።

መጋቢት 23
ነጭ አረፋ! እንደ ከረመ ሊጥ ይሸታል። መጀመሪያ ራሴ ቀመስኩ። ኮምጣጣ፤ ጭንቅላት አይነካም። አንድ ሰዓት ጠብቄ ተነሥቼ ተራመድኩ፤ ቀጥ ብዬ። ከዚያ ለቀይዋ ብቻ ሰጥቼ ጥላ ሥር ቅርጫት ደፋሁባት። እስኪመሽ ጠበቅኋት። ደህና ናት፤ እንዲያውም ቅርጫቱን እየወቃች ጨምር ትላለች።

መጋቢት 29፣ 8 ሰ.
ስድስቱም ይበላሉ። ወላፈኑ ሰው ያቃጥላል፣ እነሱ ግን አፋቸውን ገጥመው ቁጭ ብለዋል። እህሉ ውሃውን ይዞ ስለሚገባ ይሆን? አላውቅም፣ እንደዚያ ይመስለኛል። ዛሬ አራት እንቁላል፤ ቅርፊቱ ጠንካራ። ጾም ስለሆነ አይቼ አስቀምጣለሁ። እ/ጥሩወርቅ ያለ ጌሾ መሆኑን ሲሰሙ በሐዘን አዩኝ። ሲሄዱ ግን በጣሳ ሙሉ ለራሳቸው ዶሮዎች ወሰዱ።

ሚያዝያ 3
ውዴ ከአራት ቀን በኋላ ትገባለች።

እ/ጥሩወርቅ ከገበያ አንዲት ገብስማ በነጠላቸው ሸፍነው አመጡልኝ። ፋሲካ ሲደርስ ባልና ሚስት አይጣላ፣ ዶሮ ዶሮ ነው አሉኝ። ጌሾውን የጨመሩት እሳቸው ናቸውና እሳቸውንም ከብዷቸዋል። ላባዋ ቁርጥ ያችኛዋ ነው። ለቀቅኳት። አሁን ሰባት ናቸው። ውዴ ብትቆጥር ሰባት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፈራሁ እንጂ ደስ አላለኝም። ብነግራት፣ ዘንድሮም አንተ ነህ የገደልካት ትለኛለች። ዝም ብል ደግሞ ስለ ባልዲው፣ ስለ አረፋው፣ ስለ ጅግሮቹ ምንም ልነግራት አልችልም። ይህን እንዴት አወቅህ ብትለኝ መልሱ ገብስማዋ ናት። በዕድሜዬ ለውዴ የማወራው የቤት ወሬ አግኝቼ አላውቅም። አሁን አገኘሁ፤ ልደብቀው ነው?

ሚያዝያ 4፣ ጠዋት
ደወልኩ። ውዴ፣ ስድስት ናቸው አልኳት፤ ሰባተኛዋ የእማማ ጥሩወርቅ ናት። ገብስማሽን እኔ ነኝ የገደልኳት።

ከኋላዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ከዚያ፣ ምን አብልተሃት ነው አለችኝ።

ከጅግሮቹ ጀምሬ ነገርኳት። የወይራውን፣ የጭቃውን፣ የቆርቆሮውን ጥግ። አውራው የጮኸበት ላይ ስደርስ ሳቋን ሰማሁ፤ ገብስማዋ ላይ አለቀሰች። መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ፤ ውሃው ሁለት ጣት ነው ወይስ ሦስት? ሁለት አልኳት። ስመጣ አብረን እናያለን አለች።

አብረን። ባልዲው ባዶ ነው፤ ለመፍላት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬውኑ ካልዘፈዘፍኩ ስትመጣ አይደርስልኝም። ልነሣ።