የማጭዱ ጨው

ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ አሰበ ተፈሪ

ከዚህ እስከ ሚኤሶ እንደ እኔ ብረት የሚያውቅ ቀጥቃጭ የለም። እሺ፣ መሰላ ከተማ የሚኖረውን አጎቴን ሳንቆጥር። ለሁለተኛ ዲግሪው ብረት የሚያጠናው ሰለሞን ዛሬ ከመኪና ባሌስትራ የሠራሁትን ማጭድ አገላብጦ፣ «ጋሽ አህመድ፣ ይሄ ለምንድን ነው የማይሸረፈው?» አለኝ።

«የጋለውን ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ስለምነክረው ነዋ!»

«እውነትዎን ነው?»

«ወላሂ!»

ደስ ብሎት አቀፈኝና ደብተሩ ላይ ጻፈው። መሠረተ ትምህርት ባልገባ ይሻለኝ ነበር፤ አነበብኩት። «ጨው» ብሎ ሁለቴ አስምሮበታል። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ፈታኞቹ ፊት የሚቆመው በእኔ ቃል ነው። መናኸሪያ ሄጄ ልንገረው? ከማልሁ በኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

የምነክረው በተራ የወንዝ ውሃ ነው። ጨው የማውቀው ወጥ ላይ ብቻ ነው።