የወንድዬ አፈር

ግንቦት 18፣ ሰኞ
ጠዋት ሰፈራችን ያለው የድንጋይ ካባ ላይ ወጣሁ። ድንጋዩ ተፈልጦ ካለቀ ወዲህ እንዲሁ የቀረ ገደል ነው። አሁን አፈር ሞልተን አትክልት ልንተክልበት ነው። ጎረቤታችን ወንድዬ በገልባጭ መኪናው ተመላልሶ ሁለት ቢያጆ አፈር ደፋ። ዓለም ባንክ ሰፈር በኩል ቤት ለመሥራት ከሚቆፈርበት የተገፈፈ ጥቁር አፈር። አፈስኩት፣ አሸተትኩት። ጥሩ ነው። "አለፍኩ እንግዲህ፣ መምህር?" ብሎ ሳቀብኝ። "አልፈሃል" አልኩት።

ግንቦት 24፣ እሑድ
ደቦ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሲባጎ ወጠርኩ፣ በውኃ ልክ ለካሁ። አፈሩን እንደ ቤት መሠረት በእግር አስረገጥኩ። ችግኝ የምታፈላው ቦንቱ፣ "ጋሼ፣ ሰርቪስ ቤት ሊሠሩበት ነው እንዴ?" አለች። ሳቁ። "ዝርክርክ ሥራ አልወድም" አልኩ። ከመንገድ ሠሪዎቹ መጠቅጠቂያ ሮለር ለምኜ አስመጣሁ። እስከ ዳር ሊደርስ አልቻለም እንጂ... እንዴት አማረ!

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ
ዘነበ። ውኃው ላዩ ላይ ተኛ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ
ቦንቱ ለሙከራ የተከለችው ጎመን ቢጫ ሆኗል። አንዱን ነቀልኩት። ሥሩ ወደ ታች አልሄደም፣ ወደ ጎን ታጥፏል። ጉድጓድ ቆፍሬ ውኃ ሞላሁ፤ ከምሳ በኋላ ስመለስ እንዳለ አለ። ሮለሩ ባልደረሰበት ዳር ላይም ሞከርኩ። እዚያ ወዲያው ሰረገ።
አፈሩ ያው ነው። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።
ለማን ልናገር? ነገ...

ሰኔ 15፣ እሑድ
እድር ላይ የካባው ነገር ተነሣ። ሊቀመንበሩ ፍቅረማርያም፣ "ወንድዬ የግንባታ ጥራጊውን አራገፈብን!" አለ።
ወንድዬ ተነሣ። "መምህር ያውቃሉ። በእጃቸው አፍሰው ነው የተቀበሉኝ። ይጠየቁ።"
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።
ምን አልኩ? "ምርመራ ያስፈልገዋል።" ምርመራ! ረቡዕ ያደረግኩት ምን ነበር?
ወንድዬ አየኝ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እኔ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤም ፈረምኩ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ
ፌርማታው ላይ ወንድዬን አየሁት። ጎረምሶቹ፣ "አባ ጥራጊ! ዛሬስ ማን ላይ ልትደፋ ነው?" ይሉታል። ተሳዳቢ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ አለፋቸው። አንገቴን ደፍቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ቤቴል ልወርድ... መውረጃዬን ረስቼ ወያላው ሁለቴ ጠራኝ።

ሰኔ 22፣ እሑድ
ተናገርኩ። የደቦ ሥራ ደቦው ሳይጠራ አይፈርስምና ሁሉንም አስጠራሁ። አንድ ጉድጓድ ሮለሩ ባለፈበት፣ አንድ ዳር ላይ ቆፍሬ ፊታቸው ውኃ አፈሰስኩ። አዩት።
"መቼ ነው ይህን ያወቁት?" አለ ፍቅረማርያም።
"ከስብሰባው በፊት።"
"ታዲያ ያን ቀን?"
"አፈርኩ። ጥፋቱ እሱ ላይ ሲሆን ቀለለኝ።"
ማንም አልቆጣኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? ቦንቱ ብቻ፣ "በሉ፣ ዶማ ያለው ዶማውን ያምጣ" አለች።
ወንድዬ ተጠርቶ ነበር። አልመጣም።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ
ወንድዬ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ፣ "የለም ጋሼ" አለችኝ። ድምፁ ከጓዳ ይሰማል። እሷም እንደሰማሁ አውቃለች። "መጥቼ ነበር በዪልኝ" ብዬ ተመለስኩ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ
የጠቀጠቅነውን ሁሉ ገልብጠን ፍግ ቀላቅለንበታል። ጓል በጓል ነው፣ ወጣ ገባ ነው። ሲባጎ አልያዝኩም። የሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶታል። ጎድሎ የቀረው የምሥራቁ ጥግ ብቻ ነበር።
ረፋዱ ላይ ገልባጭ መጣ። ወንድዬ! ጥጉ ላይ ደፋ። ጥቁር፣ ንጹሕ አፈር። ፍቅረማርያም ሄዶ እጁን ጨበጠው፣ ተሳሳቁ። እኔም ወደ መኪናው መስኮት ቀረብኩ። ያሰብኩትን ሁሉ አልኩት፤ በስብሰባው ፊት እንደከዳሁት፣ ይቅር እንዲለኝ።
እስክጨርስ ጠበቀ።
"አፈሩን አይተው ይረከቡኝ፣ መምህር። ሰው ባለበት።"
አፈስኩ። "ጥሩ አፈር ነው" አልኩ። ጮክ ብዬ። ሁሉም ሰማ።
አመስግኖኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።