በመስኮቱ በኩል ያለው ግድግዳ

የቤታችን አለቃ፣

በመስኮቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ሮዝ ቀብቼዋለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ስለማይደርቅ እንዳትደገፈው።

ጓደኞችህ ፊት «ሮዝ? ሙሽራ ልናስገባ ነው እንዴ?» ብለህ አስቀህብኛል። አንተ ግን ግድግዳው ላይ የሞከርናቸውን ቀለሞች ያየሃቸው በአምፖል ብቻ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት፣ አንተ ስታንኮራፋ፣ ፀሐይ ስታርፍባቸው አያለሁ። አንተ የመረጥከው ወይን ጠጅ ቀለም ክፍሉን ጉድጓድ ያስመስለዋል።

ብሩሽህ ሳላጥበው ደርቋል።
እሱ ጥፋቴ ነው።

የወይን ጠጁን ቆርቆሮ ግን በደንብ ከድኜልሃለሁ። የቀሩት ሦስት ግድግዳዎች ያንተ ናቸው፤ እንደፈለግህ አድርጋቸው።

ማታ ስመለስ የእኔን ነክተኸው ካገኘሁ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ።
ከዚያ ጠዋት ለሥራ ማን እንደሚቀሰቅስህ እናያለን።