አባዬ በሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ

ለምወድህ ወንድሜ ሹክሪ፦

ሰላምታችን ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። የኩዌት ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይ? ወገብህስ ተሻለህ? ሰናእና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባዬም በሕይወት አለ። ይህን የማስቀድመው ከታች ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው።

ባለፈው ሰኞ አባዬ ለስኳሩ ምርመራ ሰይዳ ዘይነብ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረው። በባዶ ሆድህ ና፣ የጠዋቷን መርፌም ተዋት ተብሏል። እሱ ግን የተባለውን ረስቶ መርፌዋን ተወግቶ ወጣ። እኛ የምናውቀው ነገር የለም።

ልማዳቸውን ታውቀዋለህ። እማዬ ባቡር ላይ ከሴቶች ፉርጎ ሌላ አትረግጥም፤ አባዬ ቀጥሎ ባለው ይሳፈርና በየጣቢያው በፉርጎዎቹ መካከል ባለው መስኮት ጋዜጣውን ከፍ ያደርግላታል። «አለሁ» ማለቱ ነው። ያን ቀን የመጣው ግን አባዬ በማቀዝቀዣው ምክንያት «በረዶ ሣጥን» እያለ የሚያማው አዲሱ ዓይነት ባቡር ነው። የፉርጎዎቹ አደራደርም ከአሮጌዎቹ ይለያል። እኔና እማዬ የሴቶች የሚለውን ምልክት አይተን ገባን፤ እሱ እንደ ልማዱ በቀጣዩ ፉርጎ በር ገባ።

የመጀመሪያው ጣቢያ ስንደርስ ጋዜጣ የለም። በመስኮቱ የሚታየኝ የሴቶች ሻሽ ብቻ። ሁለተኛውም ላይ የለም። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ «ወይ ቀርቷል፣ ወይ ወድቋል! አባትሽን በላሁት!» እያለች ታለቅስ ጀመር። ወደሌላው ፉርጎ መሸጋገሪያ የለ፣ መስኮቱ አይከፈት። ወደ በሩ ስጋፋ አንዷ «ቀስ በይ እንጂ፣ እግር እኮ ነው!» ስትለኝ ሌላዋ «አባቷ ጠፍቶባት ነው፣ አሳልፏት!» አለች።

አባዬ ስልክ ላይ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራና ሴት አነሣች። እማዬ ድምፁን ሰምታ፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ፣ «ማናት እሷ?» አለችኝ። በዚያ ጭንቅ መካከል ቅናት! ሴትየዋ «ሐጂው እኛ ጋ ናቸው፣ እናንተ የት ናችሁ?» አለች። የሴቶች ፉርጎ ውስጥ ነን ስላት «እኛም የሴቶቹ ነን፣ ጎናችሁ ያለነው!» አለችኝ። ለካ በአዲሱ ባቡር ሁለት የሴቶች ፉርጎ ተከታትለው ነው።

በሚቀጥለው ጣቢያ እማዬን እየጎተትኩ ወርደን ሮጠን፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ገባን። አባዬ ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ይንቆረቆራል። ሲገባ «ዓይን የለህም እንዴ? የሴቶች ነው፣ ውረድ!» ብለው ጮኸውበት ኖሯል። አልመልስ ሲላቸው ሰካራም መስሏቸው አንዷ በቦርሳዋ መታችው። ያኔ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ስልኩን ያነሣችው ሴት፣ ኡም ዚያድ የምትባል ባቡር ውስጥ ካልሲ የምትሸጥ ናት፣ «ኧረ ዝም በሉ! ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ባሌንም እንዲህ ያደርገዋል፤ ጣፋጭ አምጡ!» ብላ ገላገለችው። ስንደርስ የማንጎ ጭማቂ የምታጠጣው ያችው የመታችው ሴት ነበረች፤ ለልጇ የያዘችውን ነው። ሌላዋ በገዛ ጋዜጣው ታራግብለታለች። ሹክሪ፣ ዓይኑን እስኪገልጥ የሞትኩትን ሞት እኔ ነኝ የማውቀው። ገልጦም ሴቶቹን ሁሉ አየና «ጋዜጣዬን መልሱልኝ፤ ሚስቴ ትፈልገኛለች» አለ። እማዬ አጠገቡ ቆማ ነበር።

ትናንት ለቀረው ምርመራ ተመልሰን ሄድን። እማዬ የሴቶቹን ፉርጎ ዞር ብላም አላየችው፤ ከወንዶቹ መካከል ተጋፍታ ገባች። «ሰው ምን ይላል?» ብላት «ያለውን ይበል!» አለችኝ። ወንበር ቢለቁላት እምቢ ብላ እስክንወርድ የአባዬን እጅጌ ጨብጣ ቆመች።

ሰናእን በጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ልጆቹን አቅፈህ ሳምልኝ። አባዬ ደኅና ነኝ በይው ብሏል፤ አትመነው። እማዬ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጻፊለት አለችኝ፦ እኔ የምይዘው አንዱን እጅጌ ነው፤ ሌላኛውን የሚይዝ ይምጣ።

እህትህ ነጅዋ
ሕልዋን፣ ኅዳር 12 ቀን