ኢንቮይሱ ለማን ይላክ?

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ብርድ። የስደተኛው ነጋዴ ሰፈር፣ ሜይፌር፣ በኮቪድ ጭር ብሏል። ቢሮ ውስጥ እኔና ጠበቃ አምላኩ ብቻ… እሱ በዚያ ክፍል፣ እኔ በዚህ። ደንበኛ አሁን በስልክ ነው የሚመጣው።

አምላኩ የገዛውን የጥብቅና ሶፍትዌር ስሞላ ዋልኩ። ፋይሉንም፣ ቀጠሮውንም፣ የክፍያ መጠየቂያውን፣ ኢንቮይሱንም ራሱ ይሠራዋል ተብሏል። ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። በሰዓት ነው የምታስከፍሉት ወይስ በቁርጥ? ዝርዝሩ ይውጣ ወይስ ድምሩ ብቻ? ለማን ይላክ፣ ለባለጉዳዩ ወይስ ለከፋዩ?

አምላኩ ከወዲያ ሆኖ መለሰ። በሰዓት፣ ከነዝርዝሩ፣ ለከፋዩ። ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነው። እኔን ሽርካ ያደረገኝ ገና አምና። ምን ልበል? ጠቅ አደረግኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ሐቢባ ደወለች። ባሏ ሙደሲር በኮቪድ ከሞተ ወዲህ ቶኮዛ ሰፈር ያለውን ሱቅ የምትይዘው እሷ ናት። የኪራይ ውሉ ግን አሁንም በሟቹ ስም ነው። አከራይዋ አሮጊት በስምሽ አድስልሻለሁ ብላታለች። የባሏ ታላቅ ወንድም ከሊል ደግሞ ልጆቹን ይዘሽ አገር ግቢ፣ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ ይላታል።

ብዙ አወራን። አለቀሰች፣ ተወች፣ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እህቴ፣ ይሄ ከሊል ጆሮ አይደርስም አይደል?” አለችኝ።

አይደርስም አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። የሟቹን የውርስ ጉዳይ ስንጀምር የወንድሜ ነገር ነው ብሎ እኔ እከፍላለሁ ያለው ከሊል አይደል? ሶፍትዌሩን ከፈትኩ። ኢንቮይሱ ተሰናድቶ አርብ ሊላክ ይጠብቃል። “ሐቢባ፤ የኪራይ ውሉን በስሟ ስለማዛወር፤ የስልክ ምክር።” ተቀባይ፦ ከሊል።

ወዲያው አገድኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

ሁሉንም ለወጥኩ። በቁርጥ፣ ዋጋው ከሥራው በፊት የሚነገር። ዝርዝር የለም። ለባለጉዳዩ ብቻ ይላካል፣ ከፋዩ ማንም ይሁን። ለአምላኩ ሄጄ ነገርኩት። አልደበቅኩም።

የነጋዴውን ግማሽ ወደዚህ ቢሮ ያመጣው ከሊል ነው አለኝ። እሱ ከተቀየመ በዚህ ጊዜ በራችንን ማን ያንኳኳል? አውቃለሁ አልኩት።

“ራሄል፣ የከፈለ ሰው ማወቅ መብቱ ነው።”

“የከፈለው ሂሳብ ነው። እሷን አልገዛትም።”

ወጣሁ። የለወጥኩትን አልመልሰውም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

ከሊል መጣ። ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ በር ላይ ቆመ። ገንዘቤ ምን ላይ እንደዋለ ልወቅ አለ። በትሕትና ነው የጀመረው። ወንድሙን እንዴት እንደቀበረ ነገረኝ… ሰው እንዳይመጣ ተከልክሎ፣ ሳያጥበው፣ ፊቱን ሳያየው። አንጀቴን በላው።

ከዚያ፣ “ሐቢባ ምን አለችሽ?” አለ።

“እሷን ይጠይቋት፣ ጋሽ ከሊል።”

“እኔ ነኝ የማሠራሽ።”

“የእኔ ባለጉዳይ እሷ ናት። እሷ ካልፈቀደች አንድ ቃል አልነግርዎትም። ገንዘቡን ከፈለጉ ዛሬውኑ እመልስልዎታለሁ።”

መልሺልኝ አለ። መለስኩለት። አምላኩ ከወዲያ ክፍል አልወጣም።

አርብ፣ ነሐሴ 1

ከሊል ያመጣቸው ነጋዴዎች መደወል ተዉ። ሰላም ሲሉኝ የኖሩት መንገድ ይሻገራሉ። ይሻገሩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

አምላኩ ወይ የድሮውን አሠራር መልሺው፣ ወይ… አለና ቆመ። ወይ ምን? አልጨረሰውም። ደግ ሰው ነው፣ አፉ እንቢ አለው። እኔ ጨረስኩለት። ሽርክናው ይብቃን አልኩት።

ከጨርቅ መደብር በላይ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ወለሏን ራሴ አጠብኩ። ሞኝ ነኝ? በኮቪድ ማን ቢሮ ይከፍታል? እኔ። ሐቢባ የቻለችውን በየወሩ ልትከፍለኝ በራሷ ፈረመች።

አርብ፣ መስከረም 8

ሐቢባን ይዤ ቶኮዛ ሄድኩ። አከራይዋ አሮጊት አዲሱን ውል እየፈረመች በዙሉ ቋንቋ አንድ ነገር ስትል ሐቢባ ሳቀች። ምን አለችሽ? ባሏ የሞተባት ሴት ቤት መያዝ ታውቃለች አለችኝ፣ አለች። እሷም ባሏ ሞቶባታል ለካ።

ከዚያ ሐቢባ ሱቁ ውስጥ እንደቆመች ለከሊል ደወለች። አልለመንኳትም፣ አልመከርኳትም። “ውሉ በስሜ ነው፣ ልጆቼም እዚሁ ይማራሉ” አለችው። ስልኩን ዘጋባት። እሷ ደግሞ ዞራ ለደንበኛ ዳቦ ሰጠች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

በሩ ሲንኳኳ ከሊል ነበር። ከኋላው ሴት ልጁ ሰሊማ፣ ቮስሎሩስ ሰፈር የተዳረችው። ማስክ አድርጋለች፣ ግን ዓይኗ ስር ያለውን ብልዝ አይሸፍነውም።

ያን ቀን “እኔ ነኝ የማሠራሽ” ያለኝን ላስታውሰው ፈልጌ ነበር። ምላሴ ጫፍ ደርሷል። ሰሊማን አየሁና ተውኩት።

ወንበር ሳብኩላት። ስሟን፣ ስልኳን ጠየቅኳት። የእሷን እንጂ የአባቷን አይደለም። ዞር ብላ አባቷን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ “ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ” አለ። “ምን እንዳለችሽ አልጠይቅም።”

እሺ አልኩት።

ወጣ። በሩን ራሱ ዘጋው።