የድንጋይ ሰንሰለትና ቀይ ክር

ይድረስ ለምወድህና ለምኮራብህ ልጄ ለእንግዳ አሻግሬ፣ ካለህበት ከሕንድ አገር፣ ቼናይ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሰብለወርቅ ያ የጨጓራ ነገሯ ተሻላት ወይ? ሮሆቦትስ ጥርሷን አውጥታ ጨረሰች? እኔ አባትህ በዚህ በቴክሳስ፣ ዩለስ በምትባለው ከተማ፣ በእህትህ በቃልኪዳን ቤት፣ ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን የሚያስቸግረኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው፣ ስወርድ ደህና ነው። ሁዳዴንም ያለ ሕመም ይዘነዋል፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ቃልኪዳን እኔ ልጻፍልዎ ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነበር? መስመሩ ቢንጋደድ በቱንቢ የተለካ አይደለምና ታገሠኝ። በስልክ ያልነገርኩህም እሷ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። ከዚህ ውስጥ እህትህ የማታውቀው ነገር አለ፣ አንተም እንዳትነግራት።

ባለፈው ስንነጋገር ትምህርቴን ጨርሻለሁ፣ ወደ አገር ቤት ልንመለስ ነው፣ የቀረችኝ ነፃ ቀን መጋቢት 12 ቅዳሜ ብቻ ናት አልከኝ። በዚያች ቀን ካንቺፑራም የሚባለውን ባለ ብዙ ቤተ መቅደስ ከተማ አይቼ ልመለስ፣ ከየት ልጀምር ብለህ ስትጨነቅ እኔ ሰው አለኝ፣ ለኔ ተወው አልኩህ። ሰውየው ቫራዳን ይባላል፣ ከእኛ በታች ምድር ቤት የሚኖር የዚያው ከተማ ተወላጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሐር ሲሸምን የኖረ ሸማኔ ነው። እንደኔው ሚስቱ ሞታበት፣ ኮምፒውተር የሚሠራው ልጁ ነው ወደዚህ ያመጣው። እኔ ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል አለኝ፣ እሱ ሠላሳ ያህል አለው። በዚህች ሃምሳ ቃል ልብስ ማጠቢያው ቤት ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ከሰዓት በኋላውን ስናወራ እንውላለን። ማለቴ፣ ስናወራ እንውል ነበር።

መጀመሪያ ውለታውን ልንገርህ። ባለፈው ነሐሴ፣ ገና በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። እዚህ ግቢ ሃያ ሁለት ሕንፃ አለ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ፣ በራቸው አንድ። ስመለስ ቤቴ ጠፋኝ። አርባ ዓመት ግንብ ያቆምኩ ሰው የምኖርበትን ቤት አጣሁት ብዬ ማንን ልጠይቅ? በዚያ ሐሩር ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ዞርኩ። ቁልፌን የሰው በር ውስጥ ከትቼ ስታገል አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ጮኸችብኝ። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔም ይጨልምብኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ነጭ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌ የመጣው። አየኝ። ጠፍተህ ነው ወይ አላለኝም። የያዘውን ውሃ አጠጣኝና ፊት ፊቴን ቀስ ብሎ ይሄድ ጀመር፣ ለራሱ እንደሚንሸራሸር ሰው ሆኖ። እኔም ለራሴ እንደምንሸራሸር ሆኜ ተከተልኩት። ደረጃችን ስር ሲደርስ እጅ ነሥቶኝ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ብወጣ በደረጃችን የብረት መደገፊያ ላይ አንድ ስንዝር የምትሆን ቀይ የሐር ክር ታስራለች። ከሩቅ ትታያለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ጠፍቶኝ አያውቅም። ቃልኪዳን የልጆች ጨዋታ ይመስላታል። እሱ አንድ ቀን እኔ ነኝ ያሰርኩት አላለኝም፣ እኔም አንድ ቀን እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም።

ታዲያ ልጄ፣ ይህን ሰው ሰደብኩት።

አንድ እሑድ አማቾቹ ከካሊፎርኒያ መጥተው አግዳሚው ዙሪያ ቆመው ነበር። እሱ ፎቶግራፍ አወጣ። በትውልድ ከተማው ባለው በቫራዳራጃ ቤተ መቅደስ፣ መቶ ምሰሶ ባለው አዳራሽ ጣራ ጥግ ላይ፣ የድንጋይ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይወዛወዛሉ፣ ሁሉም ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው አለኝ። እኔ የላስታ ሰው ነኝ፣ አንድ ድንጋይ ማለት ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። ከአንድ ዓለት ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፣ አይቼዋለሁ። ቀለበት በቀለበት ውስጥ ግን መሮው በየት ይገባል? ሲሚንቶ ነው አልኩት። ዋን ስቶን አለኝ እየሳቀ፣ ያን ሕንዶች ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ የሚያደርጉትን እያደረገ። ሲሚንት አልኩት። እንግዶቹ ሳቁ። በማን እንደሳቁ እንጃ፣ እኔ ግን በኔ መሰለኝና ላየር አልኩት፣ ውሸታም ማለት ነው። ከሃያዎቹ ቃሎቼ አንዷ ናት፣ ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ዳኛ ሰው ስትገሥጽ የለቀምኳት። ሳቁ ቀጥ አለ። እሱም ፎቶግራፉን በመሐረቡ ጠቅልሎ ገባ። ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት።

ቃልኪዳን ሰምታ፣ አባባ ሶሪ ይበሉት፣ ሶሪ ማለት እኮ አንቆ አይገድልም አለችኝ። እኔ ድንጋይ ስጠርብ አንቺ አልተወለድሽም አልኳት። ኦኬ፣ ሶ ከድንጋይዎ ጋር ይጫወቱ ብላ ኤርፖርት ወደ ሥራዋ ሄደች። እናታችሁ ከበቡሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንገትህ ራሱ የተጠረበ ነው ትለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ በራችን ስር ፖስታ ገብቶ ተገኘ። ለአሻግሬ ልጅ ይላል። የመንገድህን ነገር የለመንኩት ከስድቡ በፊት ነበርና ትቶታል ብዬ ነበር። አልተወውም፣ በልጁ እጅ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ሙሉ አድርጎ አጽፎታል። ቃልኪዳን እያነበበችልኝ የያዝኩትን እነሆ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ገልብጬዋለሁ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ከቼናይ አውቶቡስ ያዝ፣ ፀሐይ ስትወጣ ትደርሳለህ። የዚያ ከተማ ቤተ መቅደሶች ቀትር ላይ ይዘጉና እስከ አሥር ሰዓት አይከፈቱም። ይህን ያላወቀ መንገደኛ የተዘጋ በር አይቶ ይመለሳል ይላል። መጀመሪያ ካይላሳናታር የሚባለውን እይ፣ ከሁሉም የቆየው እሱ ነው፣ ከከተማው ዳር ነው፣ ጠዋት ሰው አይበዛበትም። አሸዋማ ድንጋይ ነው አሉ። ለመሮ ይታዘዛል፣ ለዝናብም ይታዘዛል፣ ምን ያህል እንደተፋቀ አይተህ ጻፍልኝ። እዚያ ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚሽሎከለኩበት ቦታ አለ፣ እንደገና መወለድ ነው ይላሉ። አንተ አንዴ ተወልደሃል፣ ተጠምቀሃልም፣ እሱን ከውጭ ሆነህ እይ። ቀጥሎ ትልቁ ግንብ ያለው ኤካምባራናታር ነው፣ ግቢው ውስጥ ዕድሜው የማይታወቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከዚያ ካማክሺ። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ግን ወደ ቀትር ድንጋዩ እንደ ምጣድ ስለሚግል ካልሲ ያዝ። ከውስጠኛው መቅደስ የእነሱ ሃይማኖት ያልሆነ አይገባም ይላል። ይህስ ደግ ሕግ ነው፣ እኛም አናስገባም። የነፍስ አባቴንም ጠይቄአለሁ፣ ለማየት እንጂ ለመስገድ እስካልሆነ ይሂድ ብለዋል።

ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ፣ ሸማኔዎቹ ሰፈር እህቱ ቤት ገብተህ ምሳ ትበላለህ፣ የሽመና ዕቃውንም ታያለህ። ለእህቱ ደውሎ ምን ብሏት እንደሆነ ስማ። ለልጁ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እርጎ የለም፣ የጾማቸው ጊዜ ነው ብሏታል። እርጎ የሚለው ስር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል አለችኝ ቃልኪዳን። ባለፈው ጾመ ነቢያት ሩዝ በእርጎ አምጥቶልኝ ስመልስበት ያየውን አልረሳም። እኔ ሰድቤው ሳለ እሱ ስለ ጾማችን ያስባል።

አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ቫራዳራጃ ነው፣ የራሱም ስም ከዚያ የመጣ ነው። መቶ ምሰሶ ያለውን አዳራሽ እይ ይላል፣ ከዚያ አውቶቡስህን ያዝ ይላል፣ አለቀ። ስለ ሰንሰለቱስ ብዬ ቃልኪዳንን ጠየቅኋት። ምንም አይልም አለችኝ። አየሽ፣ ውሸቱን ስለሚያውቅ ነው አልኳት።

ስለዚህ ሰንሰለቱን አንተ እይልኝ። የጠራቢ ልጅ ነህ፣ መሮ ይዘህ አድገሃል። የድንጋዩ ሥር፣ ያ እንደ ክር የሚሄደው መስመር፣ ከቀለበት ወደ ቀለበት ሳይቋረጥ ማለፉን ተመልከት። ሥሩ ከተቋረጠ መጋጠሚያ አለው ማለት ነው፣ ቀለሙ ከተለየ ሲሚንቶ ነው። እውነት ከሆነ እኔ ሶሪ እለዋለሁ፣ ውሸት ከሆነ እሱ ይለኛል። እስከዚያ አላናግረውም።

እስከዚህ የጻፍኩት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዛሬ እሑድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ፣ ቃልኪዳን መኪናዋን ሞቅ እስክታደርግ በመስኮት ቁልቁል ስመለከት ቫራዳን ደረጃችን ስር ቆሟል። ያቺ ክር በክረምትና በበጋ ደብዝዛ ነጭ ልትሆን ምንም አልቀራትም ነበር። በዚያ በሸማኔ ጣቱ ፈታት፣ ከሽርጡ እጥፋት አዲስ ቀይ ክር አወጣ፣ በስንዝሩ ለካት፣ አሰራት፣ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጎ ጥብቀቷን አየ። ወደ ላይ ቀና አላለም። አሮጌዋን በመዳፉ ጨብጦ ገባ።

ቅዳሴው እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ስንመለስ ቃልኪዳንን አንቺ ወደ ላይ ውጪ፣ እኔ ጉዳይ አለኝ ብዬ የቫራዳንን በር አንኳኳሁ። ሲከፍት ሶሪ አልኩት። ሌላ ቃል ስላልነበረኝ ወደ ደረጃው፣ ወደ ክሯ ጠቆምኩና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁት። አንተ እንደምታውቀው እኔ ለወረዳ አስተዳዳሪም እንዲያ አላደረግሁም። እግሬን አየ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ያንን ፎቶግራፍ አመጣና አፍንጫዬ ስር ይዞ፣ ሲሚንት? አለኝ። ዋን ስቶን አልኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ሰንሰለቱን ከጽሑፉ ለምን እንዳስቀረው አልጠየቅሁትም፣ ገብቶኛል። አባትህ ተሳስቷል ብሎ በልጄ ዓይን ሊያስመሰክርብኝ አልፈለገም።

ስለዚህ ከላይ ያዘዝኩህን ምርመራ ተወው። ያልሰረዝኩት ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ነው። ሰንሰለቱ ስር ቁምና ደስ ብሎህ እይ። መጋጠሚያ ካየህበት ለእኔም ለማንም እንዳትጽፍ። ካላየህበት ግን ቶሎ ጻፍልኝ፣ ደብዳቤህን ይዤለት እወርዳለሁ።

ለሰብለወርቅ ጤናዋን እንዲመልስላት የምጸልይ መሆኔን ንገራት፣ ሮሆቦትን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ቃልኪዳን ናፍቆቷ ብዙ ነው፣ ልጇ ሳሮንም አጎቴ ዝሆን አይቷል ወይ ትልሃለች። ቫራዳንም ሰላም ብሎሃል። የእህቱ መንገድ ቤቶች ሁሉ ስለሚመሳሰሉ ማንንም መጠየቅ እንዳያስፈልግህ፣ በሯ ላይ ቀይ ክር አስራ ትጠብቅሃለች።

አባትህ አሻግሬ
ዩለስ፣ ቴክሳስ
የካቲት 22 ቀን 2001 ዓ.ም.