የሙቀት መቆጣጠሪያ ብጠይቅ የሙቀት ተቆጣጣሪ ለላኩልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የውሃ ማመላለሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እለምናለሁ፤ እሱን ከተረዱልኝ የቀረውን ደብዳቤ ባያነቡትም አልቀየምም። ሞተር የሚሞቀው ታሞ አይደለም። ሊሠራ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ። ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የሰውነትዎ ሙቀት ሳይወጣም ሳይወርድም ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ እንዲጸና እመኛለሁ። ምኞቴን በቁጥር ያስቀመጥኩት ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ስለኖርኩ ብቻ አይደለም። እግዜር አያድርገውና ሙቀትዎ ወደ ሠላሳ ቢወርድ፣ ቤተሰብዎ «ትኩሳቱ ለቀቃቸው» ብሎ ደስ እንደማይለው፣ ይልቁንም ብርድ ልብስ ይዞ እንደሚሯሯጥ ስለማውቅ ነው። የጀልባችንም ሞተር እንደዚሁ የራሱ ልክ አለው። ልኩ ከሰባ አምስት እስከ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ነው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከሞተሩ ጎን በተለጠፈችው ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል፣ ዘይቱን በጨርቅ ጠረግ ላደረገ ሰው ሁሉ ይነበባል።

ይህን ልክ የምትጠብቀው በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት። ሞተሩ ገና ሲነሣ በሯን ዘግታ ውሃውን እዚያው ሞተሩ ውስጥ ታዞረዋለች። ሲሞቅ በሆዷ ያለው ሰም ይቀልጣል፣ ያብጣል፣ በሯን ገፍቶ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ቀዝቃዛው ውሃ ይገባል። ሙቀቱ ሲወርድ መልሳ ትዘጋለች። ፈቃድ አትወጣም፣ ስብሰባ አትጠራም፣ የማኅተም ቁልፍ የያዘው ሰው የለም አትልም። ሜካኒኮች ቴርሞስታት ይሏታል። እኔ በአማርኛ «የሙቀት መቆጣጠሪያ» ብዬ ጻፍኩልዎ። ከዚህ በታች እንደሚያዩት፣ በዚህች ቃል ምክንያት ብዙ ነገር ሆነ።

የምጽፍበት ጉዳይ ይህ ነው። የታናሽ እህቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ማሽኑ ያለው ከውሃው ማዶ ነው። በመኪና ዞሮ መሄድ ሙሉ ቀን የሚወስድ ስለሆነ፣ እህቴ በሕይወት የምትቆየው የእርስዎ ጀልባ እስከሄደ ድረስ ነው። ስለዚህ ያደረጉልንን ነገሮች በተራ ቁጥር እያስቀመጥኩ አመሰግንዎታለሁ።

አንደኛ፦ ከአምስት ወር በፊት የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ነክቶ ጀልባው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ምክንያቱም በዚያው ሰዓት ተገኝቷል፤ ውሃ በሚስበው ቱቦ አፍ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል ተለጥፎበት ነበር። ነጂው፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ካፒቴን» የሚለው የቀድሞ ተማሪዬ፣ ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን በእጁ ጎትቶ አወጣውና ሞተሩ ወደ ልኩ ተመለሰ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ነገር እንዲህ በቀላሉ እንዲያበቃ የሚፈቅድ መሥሪያ ቤት ባለመሆኑ፣ በሦስተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ሞተሩ ክፍል በር ላይ ተለጠፈ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የሞተሩ ሙቀት ከአርባ ዲግሪ እንዳይበልጥ በጥብቅ እናሳስባለን።» ስለ ፈጣን ርምጃዎ አመሰግናለሁ። ግልባጩ ለነጂው፣ ለሜካኒኩና ለጥበቃው መደረጉን አይቻለሁ፤ ለፌስታሉ አለመደረጉ ብቻ ቅር አሰኝቶኛል። አርባ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ብጠይቅ ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድታኛለች፦ «ሰው እንኳ አርባ ከገባ ሐኪም ቤት ይወሰዳል አይደል እንዴ?»

ሁለተኛ፦ ማስታወቂያውን መፈጸም የወደቀው በሜካኒካችሁ ላይ ነው። ሰዉ «ፍታው» ይለዋል፤ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የትኛውንም ብልሽት ቢነግሩት መጀመሪያ የሚላት ቃል ስለሆነች ነው። የፈታውን መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይተርፈዋል፣ የተረፈውንም «ትርፍ ነው» ይለዋል። እናም ቴርሞስታቷን ፈትቶ አወጣት። በሩ ጨርሶ ስለሌለ ቀዝቃዛው ውሃ ጠዋት ማታ እየገባ መርፌው ሠላሳ ስምንት ላይ ቁጭ አለ። «ይኸው ቲቸር፣ ጸጥ አለላችሁ» አለኝ፤ ትዕዛዝ በመፈጸሙ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ሆኖም ባልሞቀ ሞተር ውስጥ ነዳጅ በቅጡ አይቃጠልም፤ ሳይቃጠል የቀረው ጥላሸት ሆኖ ነዳጅ በሚረጨው ኖዝል አፍ ላይ ይጋገራል። ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትም አይተንም፤ ዘይቱ ውሎ አድሮ ጭቃ ይሆናል። ሙቀት ሞተርን በአንድ ቀን ሲያቆመው ሁሉም ያያል። ብርድ ግን በወራት ነው የሚያቆመው፣ በየቀኑም «ምንም አልሆነም» ያሰኛል።

ሦስተኛ፦ ፍታው ቴርሞስታቷን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና «ተበላሽታለች፣ ጣያት» አለኝ። እኔ ሳልፈትን ማንንም ጥዬ አላውቅም። ድስት ውሃ ጣድኩ፤ ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥዬ ከቴርሞሜትር ጋር ነከርኳት። እህቴ ያበጠ እግሯን እየጎተተች ወደ ማድ ቤት ብቅ አለችና «እትዬ፣ ምን እየቀቀልሽ ነው?» አለችኝ። «የሙቀት መቆጣጠሪያ» አልኳት። «እንግዲያው ጨው እንዳታደርጊበት፤ እኔ ተከልክያለሁ» አለች። በሰባ ስድስት ዲግሪ መከፈት ጀመረች፤ በሰማንያ አምስት ወለል ብላ ተከፈተች፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ተዘጋች። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አለፈች። በማግስቱ ለሞተሩ የሙቀት መቆጣጠሪያ እንዲደረግለት በማክበር ጻፍኩልዎ። አሠራሯን የሚያሳይ ሥዕልም አያይዤ ነበር፤ መዝገብ ቤታችሁ «ሥዕል ገቢ አናደርግም» ብሎ መልሶልኛል። ሥዕሉን ለጠበቀልኝ መዝገብ ቤት ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ንጹሕ እንደሆነ አለ።

አራተኛ፦ በሰባተኛው ሳምንት የደረሰኝን መልስዎን ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «በጠየቁን መሠረት ለጀልባው አንድ የሙቀት ተቆጣጣሪ የተመደበ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን።» ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጥረጊያ ሌላ ነው፣ ጠራጊ ሌላ ነው። ማረሻ ሌላ ነው፣ አራሽ ሌላ ነው። ይህን ልጆች የሚማሩት ገና ጣቶቻቸው እርሳስ ሳይለምዱ ነው። ሆኖም ጥፋቱ የእኔም መሆኑን አምናለሁ። በቋንቋችን መጻፍ ይሻላል ብዬ «ቴርሞስታት» የሚለውን ተውኩት፤ ብጽፈው ኖሮ ምናልባት ከጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች አንዱ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የሚያውቁት ቃል መሰላቸውና ሳይጠይቁ ቀሩ።

የተመደቡልን ሰው ጨዋ ናቸው። ከመዝገብ ቤት የተዛወሩ፣ ውሃ የሚፈሩ፣ ጀልባው ገና ከመሰላሉ ሳይላቀቅ ተንሳፋፊ ሰደሪያቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሞተሩ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው በየግማሽ ሰዓቱ መርፌውን እያዩ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ተሳፋሪው «ፔርሙስ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህርት፣ ከአርባ ሲበልጥ ምንድን ነው የማደርገው?» አሉኝ። የተሰጣቸው ደብዳቤ ምን እንደሚል ብጠይቃቸው «ይቆጣጠራል ነው የሚለው» አሉ። ሲያንስስ ብላቸው «እሱን አላነሣውም» አሉኝ። አዘንኩላቸው። እኔም ባውቅም እንደ እርሳቸው ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር የማደርገው የለም።

አምስተኛ፦ ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ከውሃው መሃል እንደደረስን ሞተሩ ነጭ ጭስ አወጣ፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። ካፒቴን ደጋግሞ ቢሞክረውም አልተነሣም። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ይቀልድ ነበር። አንዷ አትክልት ነጋዴ «ፔርሙስ፣ ሥራ ከፈቱ አይቀር እስቲ ሻይ ይቅዱልን» ስትላቸው ሁሉም ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቀልድ አልነበረም። እህቴ ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደግፋለች። እኔ ሞተሩ ውስጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኖዝሉ ላይ የተጋገረው ጥላሸት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደተሳለ ይታየኛል፤ ቴርሞስታቷም ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ግን በዚያ ሰዓት ለእህቴ ከውሃ ጠርሙስ ክዳን የበለጠ ጥቅም አልነበራትም። ተቆጣጣሪው በየግማሽ ሰዓቱ መጻፋቸውን አላቋረጡም። የሞተሩ ሙቀት ወደ ሃያ አራት ወረደ፤ ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ውጤት በመሆኑ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎትቶ ሲያደርሰን ከቆምን ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎናል። ነርሷ ደጃፉ ላይ «እናቴ፣ ተራዎ አልፏል፤ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ቅዳሜ ይምጡ» አለቻት። ነርሷ እውነቷን ነው፤ ማሽኑ ላይ የተኛው ሰውዬም የአንድ ሰው ወንድም ነው። እህቴ የጠጣችው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ስለሚቀር ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ውሃ ሳትጠጣ፣ ለመተኛትም ጋደም ማለት አቅቷት ተቀምጣ አሳለፈች። ቅዳሜ ጀልባው ሁለቴ ቆሞ ሁለቴ ተነሣና እንደምንም ደረስን።

በመካከሉ፣ ዓርብ ዕለት፣ ቴርሞስታቷን ይዤ ዞርኩ። ፍታው «መግጠሙ ሁለት ብሎን ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ኖዝሉንም አብሬ አጸዳለሁ፤ ግን ብገጥማት ሙቀቱ ሰማንያ ይገባል፣ ማስታወቂያው ደግሞ አርባ ይላል፤ ማን ነው የሚጠየቀው?» አለኝ። ካፒቴን «ቲቸር፣ እኔ መሪውን ነው የምይዘው» አለኝ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም። የሰው ኃይል ክፍልዎ ደግሞ ዕቃዋ ከተመለሰች ተቆጣጣሪው ሥራ ስለማይኖራቸው፣ የተከፈተ መደብ ደግሞ ስለማይታጠፍ፣ ዕቃዋ ባትመለስ እንደሚሻል አስረዳኝ። ወደ እርስዎ ቢሮ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ክፉ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም ወንበር ስቦ አስቀምጦኛል፣ ሁሉም እህቴን እግዜር ይማርልሽ ብሎኛል። ጥፋተኛ ባገኝ ኖሮ ቢያንስ የምቆጣው ሰው ይኖረኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ሁለት መስመር ነው፦ አርባ ዲግሪ የሚለው ማስታወቂያ ተሽሯል፤ ቴርሞስታቱ ዛሬውኑ ይገጠም። ከታች ፊርማዎ። ደብዳቤውን መጻፍ የሚያስቸግር ከሆነ አርቅቄ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ሥዕል የለበትም። ይህንንም ግልጽ ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን በመሳፈሪያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በመዝገብ ቤት በኩል ቢመጣ እስኪደርስዎ ሰባት ሳምንት እንዳይፈጅ ብዬ እንጂ ክብርዎን ለመንካት አይደለም።

ለሰጡን ማስታወቂያ፣ ለላኩልን ሰው፣ ላስተማሩን ትዕግሥት ምስጋናዬን እየደጋገምኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ስብሰባዎ እንዲያጥር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በጡረታ ላይ የምገኝ የፊዚክስ መምህርት፣
የአንዲት ተሳፋሪ ታላቅ እህት

በድጋሚ፦ ሐሙስ ዕለት መሃል ውሃ ላይ ቆመን ሳለ የትኬት ቆራጯ በመመሪያዎ መሠረት የተሳፋሪ እርካታ መጠይቅ አድላናለች። የእህቴን የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ ጣቶቿ አብጠው እስክሪብቶ መያዝ አልቻለችም። «ወደፊትስ አገልግሎታችንን ይጠቀማሉ?» ለሚለው ጥያቄ ያስጻፈችኝ መልስ «በሕይወት ካለሁ፣ ማክሰኞ» የሚል ነው። ዛሬ እሑድ ነው፤ በመካከሉ ያለው የሥራ ቀን ሰኞ ብቻ ነው። እባክዎ በሰኞ ይመልሱልን።